ለላኪም ለተቀባይም

ልጅቷ ስልኩን ስታነሳ ከንፈሯን መግጠም አቅቷት ነበር። እናትየዋ ይህን ያወቀችው “እማዬ” የሚለው ቃል መሀሉ ጎድሎ ሲደርሳት ነው፤ ከንፈር ካልተጋጠመ “እማዬ” አይባልም። ጠዋት አንድ ሰዓት ነበር። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል አጣብቃ ፀጉሯን ታበጥር ስለነበር ማበጠሪያው እንደተሰካ ቀረ። “ምን ሆንሽ?” አለች፣ ምን እንደሆነች ልቧ እያወቀ። “ጥርሴን ነው” አለች ልጅ። ጥርሱን ያመመው ሰው ሦስት ቀን ከሥራ እንደማይቀር፣ በተነፈሰ ቁጥርም እንደማያቃስት ሁለቱም ያውቃሉ። ከልጅቷ በኩል የቧንቧ ውሃ ሲንሿሿ፣ ቀጥሎም ለስለስ ያለ የወንድ ድምፅ “እማማን ሰላም በይልኝ” ሲል ተሰማ። “ሰላም ብሎሻል” አለች ልጅ። “እግዜር ይስጥልኝ በይው” አለች እናት። አፏ ይህን ሲል እጇ ማበጠሪያውን ከነፀጉሯ ነጭቶት ነበር።

የልጇ ባል በሰፈሩ “ጨዋው” ነው የሚባለው። ለሽማግሌ ከመቀመጫው ይነሳል፣ ዕቃ የከበዳት ሴት ካየ ተቀብሎ ደረጃ ያወጣላታል፤ ድምፁ ከፍ ሲል የሰማ ጎረቤት የለም። ሲመታም ድምፁን ከፍ አያደርግም። ሬዲዮ ይከፍታል፣ ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፣ ከዚያ ይጀምራል። የሊፍት መካኒክ ነው፤ ሰው በአሥራ አምስትና በአሥራ ስድስት ፎቅ መሀል ተቀርቅሮ ሲጮህ የሚደወለው ለእሱ ስለሆነ ስልኩ ከኪሱ አይለይም። ከሁለት ዓመት በፊት ልጅቷ አንድ ዓይኗ ተደፍኖ፣ አንድ ቦርሳ አንጠልጥላ በማለዳ እናቷ ቤት መጥታ ነበር። እናት አስገባቻት፣ ፊቷን አጠበችላት፣ አስተኛቻት። ከዚያ በሩን ቆልፋ ቁጭ አለችና ማሰብ ጀመረች። ምናልባት ሲፈልጋት ቢውልና ቢብስበት፤ ምናልባት በሩን ገንጥሎ ቢገባ፤ ምናልባት ሁለታችንንም ቢጨርሰን። ሀሳቡ ሲያስጨንቃት ራሷ ደወለችለት። “እኔ ጋ ናት፣ አትጨነቅ” አለችው፤ እንዲህ ካልኩት ይበርድለታል ብላ ነው። መጣ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ፣ አመስግኖ ወሰዳት። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ ለእናቷ የምታወራው ስለ ጥርስና ስለ ጉንፋን ብቻ ሆነ።

እናትና ልጅ አንድ መሥሪያ ቤት ነው የሚሠሩት፤ አሥራ አንድ ቅርንጫፍ ያለው የውሃ አቅርቦት ድርጅት ነው። ልጅቷ ምድር ላይ የቅሬታ መስኮት ጀርባ ትቀመጣለች፤ ውሃ ጠፋብኝ የሚል፣ ያልጠጣሁትን አስከፈላችሁኝ የሚል፣ መስተዋቱን በቡጢ የሚደበድብ ሁሉ ለእሷ ነው። እናት ሦስተኛ ፎቅ መዝገብ ቤት ናት። መዝገብ ቤቱ አንድ መስኮት ያለው ረጅም ክፍል ነው፤ መደርደሪያዎቹ ከወለል እስከ ጣሪያ በአቧራማ ፋይል ተጠቅጥቀዋል፣ አንደኛው መደርደሪያ ስለዘመመ በወንበር ተደግፏል፣ እናትም ሁልጊዜ ከእሱ ራቅ ብላ ነው የምታልፈው። የሥራ ባልደረቦቿ “እትዬ ምናልባት” የሚሏት በከንቱ አይደለም። ዝናብ ካካፋ ምናልባት ጎርፍ ይሆናል፣ አለቃ ከጠራ ምናልባት ስንብት ነው፣ ሰው ካስነጠሰ ምናልባት ሳንባው ነው። ይስቁባታል፤ እሷም ትስቃለች፤ ስቃ ስትጨርስ ግን መደርደሪያውን ሌላ ወንበር ታስደግፈዋለች።

ባለፈው ዓመት አንድ ቫይረስ በኢሜይል ገብቶ የሁለት ወር የቆጣሪ ንባብ ሙልጭ አድርጎ በልቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ሰርቨሩ ላይ ማጣሪያ ተደረገበት፤ የሚገባውንም የሚወጣውንም ደብዳቤ ይበረብራል፣ ቫይረስ ያገኘበትን ያግታል። ችግሩ፣ ማጣሪያው አግቶ ዝም ነው። ምክትል ሥራ አስኪያጁ ስንት ቀን የጠበቁት ደብዳቤ እንዲሁ በዝምታ ታግቶ ቀረባቸው፤ ይህን ያወቁ ዕለት በስብሰባ መሀል ከፊታቸው የነበረውን የውሃ ብርጭቆ አንስተው የኮምፒዩተሩን ባለሙያ ግንባሩን አሉት። አምስት ቦታ ተሰፋ። ማንም ምክትሉን ምንም አላለም፤ ይልቅ ደንብ ወጣ። ለታገተ ደብዳቤ ሁሉ ተቀባዩ በማግስቱ ጠዋት እንዲያውቅ ይደረግ፤ ማሳወቅ የመዝገብ ቤት ሥራ ስለሆነ መዝገብ ቤት ትሥራው፣ ተባለ። የማሳወቂያውን ጽሑፍ ያረቀቀችው ራሷ እናት ናት፣ ሁለተኛ ደረጃ ስትማር በድርሰት የምትመሰገን ነበረች።

የኮምፒዩተሩ ባለሙያ “ወጌሻው” ይባላል፤ የተበላሸ ማሽን ሲያመጡለት ጎትቶ፣ ጠምዝዞ፣ አንድ ሁለቴ በጥፊ ብሎ ስለሚያስነሳው ነው። ያን ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የሻይ ኩባያውን ይዞ፣ ግንባሩ ላይ ከቀረው ጠባሳ ሥር ፈገግ ብሎ ገባ። “ማዘር፣ ትናንት ሰባት ነፍስ አጥፍቻለሁ። ሬሳቸው ዝርዝሩ ላይ ነው።” እናት ማሽኑን ከፈተች። ሰባት መስመር። በእያንዳንዱ መስመር መጨረሻ ሁለት ትናንሽ ሳጥኖች አሉ፣ አንዱ “ለተቀባይ” የሚል፣ አንዱ “ለላኪ” የሚል። ወጌሻው ስንቴ ነግሯታል፤ “ማዘር፣ የላኪውን አይንኩት። ቫይረስ የሰው ስም ሰርቆ ነው የሚላከው፣ ምንም ለማያውቅ ሰው ጭንቅ ይልካሉ። ደንቡም አይልም።” እሷ ግን፣ ምናልባት ላኪው ደርሷል ብሎ እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥስ፤ ምናልባት ነገ ማን አልነገረኝም ብሎ ብርጭቆ ቢያነሳብኝስ፤ ብላ ሁልጊዜ ሁለቱንም ትነካለች። ያን ጠዋትም ሰባቱንም ለተቀባይ፣ ሰባቱንም ለላኪ ምልክት አደረገችና “አሳውቅ” የሚለውን ተጫነች። ልቧ ከልጇ ከንፈር ጋር ስለነበር መስመሮቹን ያነበበችው ከተጫነች በኋላ ነው።

አምስተኛው መስመር ላይ ላኪዋ ልጇ ነበረች። ተቀባይ፣ የሰው ኃይል ኃላፊዋ። ርዕስ፣ “አስቸኳይ የዝውውር ማመልከቻ ከሐኪም ማስረጃ ጋር”። የተላከው ትናንት ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል። አባሪ፣ ሦስት ፎቶግራፍ። እናት መጀመሪያ የተሰማት ፍርሃት አልነበረም፤ ቅያሜ ነበር። ወደ ሌላ ከተማ ልትሄድ ነው፣ ለእኔ ሳትነግረኝ። የወለድኳት እኔ የጥርስ ወሬ ይነገረኛል፣ ለኃላፊዋ ፎቶግራፍ ይላክላታል። ከዚያ ቅያሜውን ዋጠችና አንድ ነገር ትዝ አላት፤ የዝውውር ኮሚቴው የሚሰበሰበው ዛሬ ስምንት ሰዓት ነው፣ የስብሰባውን ጥሪ በእጇ ፋይል አድርጋዋለች፤ ዛሬ ያለፈው ስድስት ወር ይጠብቃል። ስልኳን አነሳች።

“ደብዳቤሽ ታግቷል። ቫይረስ ይዟል። ከየት ነው የላክሽው?”

“ከሰፈር፣ ከፎቶ ኮፒ ቤቱ” አለች ልጅ፣ ድምፅዋ ቀንሶ። “እንዴት አወቅሽ?”

“የማሳውቀው እኔ አይደለሁ? ለኃላፊዋም ለአንቺም ልኬላችኋለሁ። ቶሎ ሌላ...”

“ለእኔም?”

“ለላኪም ለተቀባይም።”

ልጅቷ ቃሎቹን አንድ በአንድ ነበር የምታስቀምጣቸው። “ለእኔ የሚገባ ኢሜይል ሁሉ ግልባጩ እሱ ስልክ ላይ ይገባል። በተጋባን በዓመቱ ነው ያደረገው። የምልከውን አያይም፤ የሚገባውን ነው የሚያየው። ኃላፊዋን እንኳ ምንም ብትፈቅጅልኝ መልስ እንዳትጽፊልኝ ብዬ በአምላክ ስም ነው የለመንኳት።” እናት የተቀመጠችበት ወንበር ከሥሯ የተሳበ መሰላት። አሁን የት ነው አለች። ከሆስፒታሉ ጎን ያለው ረጅም ሕንፃ ላይ ነው፣ ወደ ሊፍቱ ጉድጓድ ሲወርድ ኔትወርክ የለውም፣ ምናልባት አላየው ይሆናል፣ አለች ልጅ፤ “ምናልባት”ን ከእናቷ አፍ የነጠቀች ያህል። ታዲያ ውጪ፣ አሁኑኑ ውጪ። ጎኔን ነው እማዬ፣ ማታ ጎኔን ብሎኛል፣ ደረጃውን ይዤ ቀስ ብዬ ልሞክር። እዚህ ላይ ነው እናት ያን ነገር ያለችው። “ተይ ተይ፣ እንዳትሞክሪ። ምናልባት ደረጃው ላይ ብትወድቂስ፣ ምናልባት መንገድ ላይ ብቻሽን ቢያገኝሽስ። እኔ እስክመጣ ቁጭ በይ።” ልጅቷ እሺ አለች። በልጅነቷም እንዲህ ነበረች፣ ቁጭ በይ ሲሏት ቁጭ የምትል።

ወጌሻው ኩባያውን ይዞ እንደቆመ ነበር። “የተላከውን መመለስ ይቻላል?” አለችው። “ማዘር፣ እሱ እኮ ዓይን ሳይርገበገብ ነው የሚደርሰው” አለና ፊቷን ሲያይ ሳቁን አቆመ። “እንግዲያው የልጄን ደብዳቤ ቫይረሱን አውጥተህ፣ አትመህ፣ ለኃላፊዋ በእጇ ስጣት። ከስምንት ሰዓት በፊት።” በጽሑፍ ፈቃድ ካልመጣ የታገተ አይከፈትም አላት፤ ደንብ ነው፣ እኔ ለደንብ አምስት ቦታ ተሰፍቻለሁ። “ሊገድላት ነው” አለች። ድምፅዋ የእሷ አይመስልም፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ እንደምትነግረው ነበር። ወጌሻው ኩባያውን ፋይሎቹ ላይ አስቀመጠና ወንበሯ ላይ ተቀመጠ።

ታክሲው ውስጥ ሆና ለልጇ ባል ደወለች። ምን ልትለው እንደሆነ አታውቅም፤ ጉድጓዱ ውስጥ መሆኑን ማወቅ ብቻ ነበር የፈለገችው። “የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ሊገኙ አይችሉም” አለች የማሽኗ ሴት፣ እናትም ዓይኗን ጨፍና አመሰገነቻት። ከአደባባዩ በፊት መንገዱ ተዘጋ። አንድ ሚኒባስ የሌላውን መስታወት ገጭቶ ሁለቱ ሾፌሮች ወርደው ተያይዘዋል፤ አንደኛው የጎማ መፍቻ ብረት ይዞ የሌላውን ትከሻ ሲል የአጥንቱ ድምፅ ታክሲው ውስጥ ድረስ ገባ። የተመታው ሰው ተቀምጦ ጫማውን ፈለገ፣ ጫማው እግሩ ላይ እያለ። “በለው፣ እነዚህ ካልተበሉ መንገድ አይከፈትም” አለ ከፊት የተቀመጠው ተሳፋሪ፣ ኦቾሎኒ እየፈለፈለ። “ኧረ በሞቴ ተው፣ ትከሻውን ነው ያገኘው” አለች አንዷ ከኋላ፣ ለማየት አንገቷን እያሰገገች። እናት ወረደችና በሰው መሀል መሮጥ ጀመረች። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፣ ከሮጠች ዘመን አልፏል፤ ጡቷ ይመታታል፣ ጫማዋ ተረከዟን ልጦታል። ቆም ብላ እንደገና ደወለች። ጠራ። በሁለተኛው ጥሪ ደንግጣ ዘጋችው። ወዲያው ስልኳ በእጇ ውስጥ ተንቀጠቀጠ።

“እማማ፣ ደውለው ነበር?” ከኋላው የሞተር ድምፅ ይሰማል።

“በስህተት ነው ልጄ። ጣቴ ነክቶት።”

“ምንም አይደል። ከጉድጓድ መውጣቴ ነበር፣ የእርስዎን ጥሪ ላይ ስል ሌላም መልዕክት አገኘሁ። የመዝገብ ቤት ስም አለበት። ቤት እንገናኛለን።”

የጨዋው ሞተር ሳይክል ልጇ የምትኖርበት ሕንፃ በር ላይ ቆሟል፤ ስታልፍ ትኩሳቱ እግሯን ነካት። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ፎቅ በሚወስደው ደረጃ ላይ አንዲት ጎረቤት ደረጃውን እየወለወለች ነበር። “እንደምን አደሩ እናቴ። ጨዋው ዛሬ በጊዜ ነው የገባው” አለቻትና ለማሳለፍ ባልዲዋን ሳብ አደረገች። ከላይ ሬዲዮ ይሰማል፣ የእግር ኳስ ወሬ። አራተኛ ፎቅ ላይ በሩ አልተቆለፈም። ቤቱ አንድ ሳሎንና አንድ መኝታ ነው፤ ሶፋው ከተገዛ ጀምሮ ፕላስቲኩ አልተነሳለትም፣ መጋረጃው ተስቧል፣ ጠረጴዛው ላይ የወንድ የእጅ ሰዓት በጀርባው ተኝቷል። ልጅቷ የጠረጴዛው ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን እግሯ ሥር አስቀምጣ፣ ቁጭ በይ እንደተባለች። የታችኛው ከንፈሯ ለሁለት ተከፍሎ ደሙ ደርቆበታል። የግራ ጉንጯ ቢጫና አረንጓዴ ነው፣ የቆየ። አገጯ ላይ ያለው ግን ገና ቀይ ነበር፤ አሁን የደረሰባት።

ጨዋው ከሶፋው ተነሳ። “ይግቡ እማማ፣ ይቀመጡ። ደረጃው አድክሞዎታል።” ለእሷ ሲል ሬዲዮውን ቀነሰና ስልኩን አውጥቶ አነበበ፣ እንደ ተማሪ፣ ነጥቡን ሳይቀር እየጠበቀ። “‘ክቡር ላኪ፤ በትናንትናው ዕለት ለሰው ኃይል ኃላፊ የላኩት፣ አስቸኳይ የዝውውር ማመልከቻ ከሐኪም ማስረጃ ጋር የተሰኘ መልዕክት ቫይረስ ስለተገኘበት መታገዱን በአክብሮት እናሳውቃለን። ለሚደርስብዎት መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን።’ አጻጻፍዎ ያምራል እማማ። እርስዎ ባይነግሩኝ ከየት አውቅ ነበር? ያኔም የነገሩኝ እርስዎ ነበሩ።” ወደ ሚስቱ ዞረ። “እናትሽን አመስግኛት እንጂ።”

ልጅቷ እናቷን አየቻት። የጥላቻ አስተያየት ቢሆን እናት ትችለው ነበር። የደከመው ሰው አስተያየት ነበር፤ የሚያውቀውን ነገር ደግመው የነገሩት ሰው። ከዚያ እሱ ሬዲዮውን ከፍ አደረገው፣ የሚስቱን ቀኝ እጅ በዝግታ፣ ሙሽራ ቀለበት ሊያጠልቅላት እንደሚወስደው አድርጎ ወሰደው፣ የጠረጴዛውን መሳቢያ ከፈተ፣ አራቱን ጣቶች ጠርዙ ላይ አሰለፈ፣ መሳቢያውን በጉልበቱ ዘጋው። ድምፁ ከኳሱ ወሬ በላይ ተሰማ። ልጅቷ አፏን ከፈተች፣ ከንፈሯ እንደገና ተቀደደ፣ ጩኸት ግን አልወጣትም። መሳቢያውን ሳብ አድርጎ እንደገና ዘጋው። እናት “ተው” አለች፤ ከአፏ የወጣው ያ ብቻ ነበር፣ ለዶሮ እንደሚባል። ሄዳ ክንዱን ያዘች። እሱ ዞር ሳይል መዳፉን ደረቷ ላይ አሳርፎ ገፋት፤ የሶፋው ክንድ ወገቧን አግኝቷት ወለሉ ላይ በእጇ ላይ ወደቀች፣ በእጅ አንጓዋ ውስጥም አንድ ነገር ቀጭ አለ።

ወለሉ ላይ ሆና ያየችው የሥራ ቦርሳውን ነው፤ በሩ አጠገብ ተከፍቶ፣ ከውስጡ ክንድ የሚያህል መፍቻ ብቅ ብሏል። በግራ እጇ ሳበችው፣ ከባድ ነበር፣ ቅባቱ ያንሸራትታል። ያን ጊዜም ማሰቧን አልተወችም። ራሱን ብለው ምናልባት ይሞታል። ጀርባውን ብለው ምናልባት አይሰማውም። ጉልበቱ ከፊቷ ነበር፣ መሳቢያ የሚዘጋው ጉልበት። ከጎን በኩል መታችው። አልጮኸም፤ ዞር ብሎ በመገረም “እማማ?” አላት። ሁለተኛውን እዚያው ቦታ ላይ ስታሳርፍ እግሩ መታጠፍ በማይገባው በኩል ታጠፈ፣ ሕንፃው ሙሉም የጨዋውን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማ። ወደቀ። ከወደቀም በኋላ ደገመችው። ይህን ሦስተኛውን ለምን እንደመታች አታውቅም፤ የምታውቀው ክንዷ ድረስ ዘልቆ የተሰማት ነገር ደስ እንዳላት፣ ደስ ማለቱም ከእሱ የበለጠ እንዳስፈራት ነው። መፍቻውን ሶፋው ላይ፣ ፕላስቲኩ ላይ፣ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው። ልጇን በብብቷ ገብታ አነሳቻት። እሱ ከወለሉ ላይ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ድምፁን እንደገና አለስልሶ፣ “አገኛችኋለሁ” አላቸው።

በሮች ተከፍተው ነበር። ሰዎች ደረጃው ላይ ወጥተው ቆመዋል፣ አንዲት ሴት በሊጥ እጇ። ወልዋይዋ ጎረቤት ልጅቷን ከነደሟ አየች፣ የተፈጨውን እጅ አየች፣ ግድግዳውን ታክካ አሳለፈቻቸውና ወደ ላይ አንጋጣ፣ “ምስኪን፣ እሱን ማን ነካው?” አለች። ሁለት ወንዶች ሊያነሱት ሮጡ። እናትና ልጅ እርጥቡን ደረጃ አንድ በአንድ ወረዱ። እናት በየእርምጃው “አይዞሽ” ለማለት አፏን ትከፍታለች፣ መልሳ ትዘጋዋለች።

ክሊኒኩ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ያለ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ነው። ራጅ ተነሱ። ከልጅቷ አራት ጣቶች ሦስቱ ተሰብረዋል፣ አንድ የጎን አጥንቷ ተሰንጥቋል፣ ከንፈሯ ተሰፋ። የእናት እጅ ጄሶ ገባ። አንድ ፖሊስ መጥቶ ቃላቸውን ጻፈ፤ ሰውየው ሆስፒታል እንደተኛ፣ ጉልበቱ እንደማይመለስ፣ እሱም ክስ እንዳቀረበ ነገራቸው። “‘አማቴ ባለፈው ጊዜ ሰላማዊ ሴት ነበሩ’ ብሏል” አለ፣ እስክሪብቶውን እየከደነ፣ ይህም የሚጻፍ ይሁን አይሁን ሳይለይለት። ሲሄድ እናትና ልጅ አረንጓዴ ቀለም በተቀባው ኮሪደር አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ቀሩ። በመሀላቸው የልጅቷ ቦርሳ ነበር። እናት ስምንት ሰዓት ማለፉን በግድግዳው ሰዓት አይታለች። ስድስት ወር፣ ብላ አሰበች። ስድስት ወር በሕይወት አትቆይም።

ከአሥር ሰዓት በኋላ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ያሉበትን ከፖሊሱ ሰምታ ራሷ መጣች፤ አጭር፣ ቁጡ ሴት ናት፣ ሰው ስታናግር የምትጣላ ነው የሚመስለው። የታሸገ ፖስታ ይዛለች። ጠዋት የታገደ ደብዳቤ አለሽ የሚለው ማሳወቂያ ሲደርሳት ርዕሱን አንብባ ወደ ሰርቨሩ ክፍል ሮጣለች፣ እዚያ ስትደርስ ወጌሻው ደብዳቤውን አትሞ በሩ ላይ ተገናኙ። “ፎቶግራፎቹን ጠረጴዛው ላይ በተንኳቸው። ምክትሉ ‘የቤት ጉዳይ ነው’ ብሎ ሊገፋው ነበር፣ የብርጭቆውን ቀን አስታወስኩት። ፈረመ። ከአሥራ አንዱ ቅርንጫፍ ራቅ ያለውን ነው የሰጠንሽ፤ ለሥራ የሚሄድ የድርጅቱ መኪና አለ፣ አሁን ይዞሽ ይሄዳል።” ወደ እናት ዞረች። “እርስዎም አይጨነቁ፣ እዚያ የማውቃቸው ሰዎች አሉ። ከተማው...”

“አትንገሪያት” አለች ልጅ።

አንዲት ነርስ የመድኃኒት ጋሪ እየገፋች በመሀላቸው አለፈች፣ ጋሪው አንድ ጎማው ይጮሃል። እናት ጄሶዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች። እኔ እናትሽ አይደለሁም ወይ፣ ማን እግሩን ሰበረልሽ ልትል አሰበች። ዋጠችው። “አይንገሩኝ” አለች ለኃላፊዋ። “እኔ ምስጢር መያዝ አልችልም። ምናልባት ቢይዘኝ፣ ምናልባት ጣቴን መሳቢያ ውስጥ ቢከት፣ ካወቅኩ እነግረዋለሁ።” ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እሷ ዞረች። ያልተሰበረውን እጇን አንስታ ከእናቷ ፀጉር ውስጥ ተሰብሮ የቀረ የማበጠሪያ ጥርስ አወጣችላት፣ አየችው፣ ወለሉ ላይ ጣለችው።

መኪናው ግቢው ውስጥ ነበር። ሾፌሩ ተናጋሪ ቢጤ ነው፤ የልጅቷን ቦርሳ ሲጭን “በየቱ መንገድ ብንወጣ ይሻላል? በላይኛው ከሆነ...” ብሎ ሲጀምር እናት በጤነኛው እጇ አንድ ጆሮዋን ደፈነች፣ ሌላውን በጄሶው ሸፈነች፣ እየፈጠነች ከግቢው ጥግ የልብስ ማጠቢያው ግድግዳ ጋ ሄዳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በር ሲዘጋ በጄሶው በኩል ተሰማት። ሞተሩ ተነሳ። መኪናው ከግቢው ሲወጣ ወደ ቀኝ ይሁን ወደ ግራ እንዳይለይላት ዓይኗን ጨፍና፣ በአፏ ቁጥር መቁጠር ጀመረች፣ ጮክ ብላ፣ ከአንድ። ልብስ የምታሰጣ አንዲት ሴት አንሶላ ይዛ ቆማ አየቻት። መቶ ላይ ስትደርስ ዓይኗን ገለጠች፤ ግቢው ባዶ ነበር፣ የጎማው ምልክት እንዳይታያት ሰማዩን እያየች ወደ በሩ ሄደች።

ስልኳ የጮኸው እዚያው በር ላይ ነው።

“እማማ” አለ። ድምፁ በመድኃኒት የተጎተተ ነው፣ ግን ለስላሳ። “እንዴት ዋሉ? እጅዎ እንዴት ሆነ?”

“ተሰበረ።”

“አዝናለሁ። እንተወው፣ ያለፈ አልፏል። የት እንዳለች ብቻ ይንገሩኝ። እርስዎ መቼም አይደብቁኝም።”

“አላውቅም” አለችው።

“እማማ።”

“አላውቅም ልጄ። እውነቴን ነው።”

እሱም እውነቷን መሆኑን አወቀ፤ ድምፁ ከፍ ማለት የጀመረውም ያኔ ነው።